ልጄን የት ላስገባ? የዳር ሰፈር ወላጆች ጥያቄና የአንድ መምህር መልስ

ክረምት ሲገባ በአዲስ አበባ ዳር፣ አያት፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ ያለን ወላጆች ወሬያችን አንድ ነው፦ «ልጅህን የት ልታስገባ ነው?» እኔ የታችኛውን ክፍል ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። አሁን በወተመህ፣ ማለትም በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ውስጥ አለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰፈራችን ሁለት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ አለ። አንዱ ሕንፃው አዲስ ነው። ሌላው አሮጌ ነው፣ ግን በስድስተኛ ክፍል ፈተና ብዙ አሳልፏል ይባላል። በምን ላወዳድራቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሁለቱም አይደለም። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ልጅ አያስተምርም። የፈተናው ውጤትም በኛ ሰፈር ያሳስታል። ኮንዶሚኒየም ላይ ሰው ሁሌ ይገባል፣ ይወጣል። ስድስተኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ ስንቱ አንደኛ ክፍልን እዚያው ተማረ? ሌላ ቦታ ተምሮ አምስተኛ ክፍል ላይ የመጣውን ልጅ ውጤት ለዚህ ትምህርት ቤት መስጠት ልክ አይደለም።

እኔ የማየው ሁለተኛ ክፍልን ነው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደሽ ግቢ። የአማርኛ መጽሐፋቸውን ይዘሽ፣ ገና ያልደረሱበትን ገጽ ገልጠሽ ሁለት ሦስት ልጆች እንዲያነቡልሽ ጠይቂ። የተማሩትን ገጽ ከሰጠሻቸው በቃላቸው ይወርዱልሻል፤ ጣታቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ሆኖ አፋቸው አምስተኛውን ሲያነብ በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ ገጽ ላይ ግን መሸምደድ አይሠራም። «ቷ»ን እና «ሟ»ን ሲያገኝ ቆም ብሎ፣ አውጥቶ የሚያነብ ልጅ ካገኘሽ እዚያ ቤት መምህር አለ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ያለውንም መጠየቅ አትርሺ። ጎበዙን ከፊት ማስቀመጥ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ «ደረጃ 3 ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ የኢንስፔክሽን ውጤት ነው። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ይመዘናሉ። ከ50 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። ደረጃውን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። በየትኛው ዘርፍ ነጥብ እንደጣለ ጠይቁ። ላይብረሪ ስለሌለው ዝቅ ያለና ማስተማሩ ደካማ ሆኖ ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ወላጅ ከተባበረ ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ የልጄ ክፍል ውስጥ 70 ልጅ አለ። ይህ ያለ ነገር ነው?

መልስ፦ በዳር ሰፈር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ልክ ግን አይደለም። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መስፈርት በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። እኛ ጋ ብሎኩ አልቆ ሰው ይገባል፣ መማሪያ ክፍሉ ግን ከኋላ ነው የሚመጣው። ስትጠይቁ «ለአንድ መምህር ስንት ተማሪ ይደርሳል?» አትበሉ። በዚያ ስሌት የስፖርቱም የሙዚቃውም መምህር ስለሚቆጠር ቁጥሩ አምሮ ይወጣል። «1ኛ ሀ ውስጥ ስንት ልጅ አለ?» በሉ። ፈረቃ ወይስ ሙሉ ቀን እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

የመምህራኑን ነገርም አትርሱ። የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ያማረረው መምህር ወደ መሀል ከተማ ዝውውር ይጠይቃል። በዓመት ሦስት መምህር የተቀያየረበት አንደኛ ክፍል ፊደሉን ሳይጨርስ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ልጁ ሰነፍ ነው ተብሎ ይቀራልና።

ጥያቄ፦ ምገባው ሁሉም ጋ አለ?

መልስ፦ አዎ፣ በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃዎች ቁርስና ምሳ አለ። ማወዳደር ካስፈለገ ውሃውን እዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ትምህርት ቤት መጋቢ እናቶችንም ልጆችንም ያስቸግራል። መፀዳጃ ቤቱንም ግቡና እዩት። የሴቶቹ በር ከውስጥ ይዘጋል? አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ለደረሰች ልጅ ይህ ከትምህርት የመቅረትና ያለመቅረት ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ለገጣፎ ድንበሩ ላይ ነን። የቅርቡ ትምህርት ቤት በሸገር ከተማ ሥር ነው፣ የአዲስ አበባው ራቅ ይላል።

መልስ፦ እዚህ ላይ የምታወዳድሩት ሁለት ትምህርት ቢሮ ነው። ሸገር በኦሮሚያ ሥር ስለሆነ ማስተማሪያው በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ነው፤ የክልሉን ፈተናም ነው የሚወስዱት። በአዲስ አበባ በአማርኛ የሚያስተምሩም በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩም አሉ። ልጁ ቤት ውስጥ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ቢጀምር ይቀለዋል። ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ቤተሰቡ እዚያው ይቆያል ወይ የሚለው ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ቋንቋ መቀየር ለልጅ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ጥሩ የሚባለው ሁለት ታክሲ ያስይዛል። ይሻላል?

መልስ፦ ለአንደኛ ክፍል? አይሻልም። ጠዋት ሰልፍ ላይ የቆመ የ7 ዓመት ልጅ ክፍል ሲደርስ ያንቀላፋል። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ካልሆነ በእግሩ የሚደርስበትን ምረጡ። መንገዱን ግን ጠዋት ራሳችሁ ሂዱበት፤ አስፋልት ያቋርጣል? ተማሪ አሻጋሪ አለ?

ጥያቄ፦ ከግል ትምህርት ቤት ወደ መንግሥት ላዘዋውረው ነው። ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ መሸኛ፣ ሪፖርት ካርድ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የእርስዎ መታወቂያ። የግሉ ትምህርት ቤት ቀሪ ክፍያ ካለ መሸኛ ላይ ሊያስቸግር ስለሚችል ሒሳቡን ቀድመው ይጨርሱ። ምዝገባው እንደተከፈተ ይሂዱ። መስከረም ላይ ሲሄዱ ቅርብ ያለው ሞልቶ ይጠብቅዎታል።