ፈረሰኛዬ የታለ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የፊልም ተማሪ ፒያሳ ቡና ጋበዘችኝ። ለገና የሚደርስ አጭር ፊልም እየሠራች ነው። የሚያስቅም የሚያስፈራም ነው፤ በዓል ቤት ውስጥ ጭራቅ ይገባል። ረቂቁን ለጓደኞቿ ስታሳይ በሳቅ ፈነዱ። ለእናቷ ስታሳይ ግን እናቷ መሃል ላይ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

«ጋሼ፣ ማንን ልስማ?» አለችኝ።

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ጥያቄዋ ወደ 1989 ዓ.ም. ወሰደኝ። ያኔ አንድ ወጣት ደራሲ ይህንኑ ሊጠይቀኝ ይገባው ነበር። የመጠየቂያ ዕድል እንኳ አልሰጠሁትም።

ያን ዓመት የገና ቲያትር አዘጋጅ ነበርኩ። አዳራሹ ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ልምምዱን የምንሠራው ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሄጄ ቆሜ አይቻለሁ። ክፍላችን የቱ ጋ እንደነበረች መለየት አልቻልኩም። ከጎናችን ምግብ ቤት ነበር። የነቢያት ጾም ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሽሮ ይሸታል። እኛ ሽሮ እየሸተተን ስለ ዶሮ ወጥ እንለማመዳለን።

ጽሑፉን ያመጣው ልጅ ገና 22 ዓመት አልሞላውም። ታሪኩ ቀላል ነው። አባወራው የሞተበት ቤተሰብ ያለ እሱ የመጀመሪያውን ገና ያከብራል። ግቢው ውስጥ በግ ታስሯል። ሌሊት ላይ በጉ በሟቹ ድምፅ መናገር ይጀምራል። ተዋናዩ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ባዶ የዘይት ጣሳ ውስጥ ነበር የሚያወራው። ያ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። መጀመሪያ በጉ ያማርራል። «በስንት ገዛችሁኝ? ተከራክራችኋል ወይስ የተጠራውን ከፈላችሁ?» ይላል። ቢላው አልተሳለም ብሎ ይቆጣል። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስቃል።

ከዚያ እናትየው ዶሮ ወጡን ታወጣለች። 12ቱን ብልት ለየሰዉ ታድላለች። እጇ በለመደው ሄዶ ፈረሰኛውን በባሏ ቦታ፣ እንጀራው ላይ ያስቀምጣል። ጭልፋዋ አየር ላይ ይቆማል። ማንም አይናገርም። ከውጭ በጉ ይጠይቃል፤

«ፈረሰኛዬ የታለ?»

ቲያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የገና ዕለት ከሰዓት ነበር። ሰዉ ዶሮውን በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ልጆቹን አዲስ ልብስ አልብሶ መጥቷል። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ያቺ ቃል ስትወጣ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያሉት ወጣቶች በሳቅ ወንበር ደበደቡ። ቤተሰብ ይዘው ከፊት የተቀመጡት ጭጭ አሉ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ። «በዓል ነው እኮ! ለምን ታሟርቱብናላችሁ?» ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ሌሎችም ተከተሏቸው። በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ሁሉም ያለፉት በእኔ በኩል ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ነበረች። አልሳቀችም፤ አልወጣችምም።

ማታውኑ ያንን ትዕይንት ከጽሑፉ አወጣሁት። 4 ገጽ ነው። ለደራሲው አልነገርኩትም። በሚቀጥለው እሁድ ተመልካች መሃል ተቀምጦ ነው ያወቀው። ሲያልቅ መጣ። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። «ጋሼ፣ የወጡትን ቆጠሩ፤ የቀሩትን ግን አልቆጠሩም» አለኝና ሄደ። ሌላ ጽሑፍ አላመጣልኝም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥቁር የለበሰችው ሴት ተመልሳ መጣች። ወንድሟን ይዛ ነው። ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ያቺ የፈረሰኛዋ ነገር የት ገባች?» አለችኝ። ወንድሟን ያመጣችው ያቺን ትዕይንት እንዲያይ ነው። ባሏ የሞተው ሐምሌ ላይ ነበር። የገና ዕለት ጠዋት እሷም ፈረሰኛውን አውጥታ እጇ ቆሞባት ነበር። ለማንም አልተናገረችም። «ያን ቀን ከኋላ ሲስቁ ቀለለኝ። አፍ አውጥቼ የማልናገረውን ሰው አውቆት ነበር» አለችኝ።

እኔም «ሰዓት አጥሮን ነው» አልኳት። ዋሸኋት። እሺ ብላ ወንድሟን ይዛ ወደ ጊዮርጊስ አቅጣጫ ሄደች።

ከሁለት ዓመት በኋላ «ግሬምሊንስ»ን በተከራየሁት ቪዲዮ ካሴት አየሁት። የ1984 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊልም ነው። በገና ሰሞን ትንንሽ ጭራቆች ከተማ ያምሳሉ። መሃል ላይ አንዲት ልጅ ገናን ለምን እንደምትጠላ ታወራለች። አባቷ በዋዜማው ጠፍቶ ነበር። በኋላ የገና አባት ልብስ እንደለበሰ፣ ጭስ መውጫው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የስቱዲዮው ሰዎች ይሳቅ ይለቀስ አልታወቀም ብለው ይህ ንግግር እንዲወጣ ፈልገው ነበር። ፕሮዲውሰሩ ስቲቨን ስፒልበርግም አልወደደውም፤ ግን ለዳይሬክተሩ ተወለት። ዳይሬክተሩ ጆ ዳንቴ እምቢ ብሎ አስቀረው። ይህንን ሳነብ ያ የበጉ ድምፅ መጣብኝ። እሱ እምቢ ያለበት ቦታ ላይ እኔ መቀስ አንስቻለሁ።

«ግሬምሊንስ» በወጣበት በዚያው ዓመት የገና አባት ልብስ የለበሰ ነፍሰ ገዳይ ያለበት ሌላ ፊልም ወጥቶ ነበር። ወላጆች ሲኒማ ቤት በር ላይ ተሰልፈው ተቃወሙት። ማስታወቂያው በቴሌቪዥን እየመጣ ልጆቻቸው አይተውታል። አከፋፋዩ ብዙም ሳይቆይ ፊልሙን አነሳው። እኔ ለእነዚያ ወላጆች አዝናለሁ። ሲኒማ ቤት ፈልገህ ትሄዳለህ፤ ማስታወቂያ ግን ሳሎንህ ድረስ ይመጣል። የእኛም ፖስተር «የገና ልዩ ኮሜዲ» ብቻ ነበር የሚለው። ሽማግሌው የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት እሱን አምነው ነው። ስለዚህ እናንተ የበዓል ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ ፖስተራችሁ ላይ የሚያስፈራም ነገር እንዳለ ጻፉ።

ልጅ ሆነን ሲኒማ ኢትዮጵያ ስንገባ መጀመሪያ የጮኸው ሰው ላይ አዳራሹ ሁሉ ይስቅ ነበር። የጮኸውም አብሮ ይስቃል። ፍርሃትና ሳቅ ጎረቤት መሆናቸውን ያወቅኩት እዚያ ነው። ታዲያ ለምን በዓል ሲሆን እንጣላለን? ማንኛውንም ፊልም ለማየት ባዶ እጃችንን ልንገባ እንችላለን። ወደ በዓል ፊልም ግን እያንዳንዳችን የቤታችንን በዓል ይዘን እንገባለን። አንዱ የደመቀ ቤት፣ አንዱ ሰው የጎደለበት ቤት። እኛ ዘንድ ደግሞ በበዓል ቀን ክፉ ቃል አይነገርም። ሽማግሌው «ሟርት» ያሉት ለዚህ ነው፤ ፈሪ ስለሆኑ አይደለም።

ቢሆንም ሰላምታችንን ስሙት። «እንኳን አደረሳችሁ» እንላለን። ያልደረሰ ሰው ስላለ ነው። «ከዓመት ዓመት ያድርሰን» የምንለውም ላንደርስ እንደምንችል ስለምናውቅ ነው። አባቶቻችንም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለዋል። ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ በገና ዱላው የሚመታው ልጅ ጌታውን እየገፋ ያልፋል፤ ለዚያ ቀን ተፈቅዶለታል። ሞቱም ቀልዱም ድሮውኑ በዓሉ ውስጥ ነበሩ። ጭራቁን ከውጭ ያመጣነው አይምሰላችሁ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ። ይህን በእውነት አከብረዋለሁ። ግን ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ ማስደንገጥን ማስፈራት ታደርጉታላችሁ። ቲክቶክ ላይ ስንት ሰው እንዳየው ትነግሩኛላችሁ፤ የቱ ጋ ዝም እንዳለ ግን አትነግሩኝም። ጭራቃችሁን ደግሞ ቀይ ኮፍያ ታለብሱታላችሁ። ለምን ግቢያችሁ ውስጥ የታሰረውን በግ አታዩትም?

ቅድም ፖስተር ላይ እውነቱን ጻፉ ብያለሁ። አሁንም እላለሁ። ግን ያቺ ሴት ነገሩን አውቃ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ከቤቷ አትወጣም ነበር። ይህንን እንዴት እንደማስታርቀው እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ልጅቷን «እናትሽ የተነሱት የቱ ጋ ነው?» አልኳት። አላስተዋለችም። የጓደኞቿን ሳቅ ግን በስልኳ ቀርጻዋለች። ሄዳ እናቷን እንድትጠይቅ ነገርኳት። እንድታወጣው ወይም እንድታስቀረው አይደለም። ምን እንደነካች እንድታውቅ ነው።

የተቆረጠው 4 ገጽ አሁንም ቤቴ ነው። ትናንት ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋት። ከላይ የደራሲውን ሙሉ ስም ጻፍኩበት። የዚያን ጊዜ ፖስተሩ ላይ የነበረው የእኔ ስም ብቻ ነው።