«እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ «የበዓል ስጦታ፣ ጭነው ይውሰዱ» የሚል ፋይል ተለቀቀ። ስሙ በኤፒኬ (.apk፣ የአንድሮይድ አፕ መጫኛ) ያልቃል። የመጣው ከዕድሩ ጸሐፊ ነው፤ ደውዬ ስጠይቃቸው ግን «ኧረ እኔ ምንም አልላኩም» አሉኝ። እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ እናቴ ግን ጭናዋለች። ምን ይሻላል? ሪፖርት ማድረግስ ለማን ይጠቅማል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የእናትሽ ስልክ። ዳታውንም ዋይፋዩንም ዝጊ፣ አፑን አጥፊው። አልጠፋ ካለሽ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቺና የተሰጠውን ፈቃድ አንሺ፤ እንዲህ ያሉ አፖች ብዙ ጊዜ ስክሪን የሚያነቡት በዚያ በኩል ነው። ከዚያ በሌላ ስልክ ባንኳ ጋ ደውሉ፣ የይለፍ ቃሏንም ቀይሩ። ጸሐፊው እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም፤ አካውንታቸው ተይዞ ይሆናል። ቴሌግራማቸው ላይ ዲቫይስስ የሚለውን ገብተው የማያውቁትን ስልክ ያስወጡ።

አንቺ አጥፍተሽዋል፣ ጎሽ። ግን ፋይሉ ለሌላው አባል ሁሉ አሁንም ግሩፑ ላይ ተቀምጧል። አድሚኑ ለሁሉም እንዲያጠፋው አድርጊ። ስታስጠነቅቂ ደግሞ ስክሪንሾት ላኪ እንጂ ፋይሉን ራሱን ፎርዋርድ እንዳታደርጊ፣ ስንቱ ደግ ሰው «ይሄን እንዳትከፍቱ» እያለ ቫይረሱን ያዳርሳል።

ከመጥፋቱ በፊት ግን አንድ ሰው ኮምፒውተር ላይ ያውርደውና ሳይከፍተው ቫይረስ ቶታል ወደሚባለው ድረ ገጽ ይላከው። በ2004 እ.ኤ.አ. ስፔን ውስጥ የተጀመረ፣ አሁን የጉግል የሆነ ነጻ አገልግሎት ነው። አንድ ፋይል በደርዘን በሚቆጠሩ አንቲቫይረሶች ይፈትሻል፣ ናሙናውም ለእነዚያ ድርጅቶች ይደርሳል። አንዱ ያላወቀውን ከሌላው ያውቃል ማለት ነው። ሪፖርት ለማን ይጠቅማል ላልሽው፣ ለማታውቂው ሰው ስልክ ነው የሚጠቅመው። ብቻ መታወቂያ፣ ውል፣ የግል ደብዳቤ እዚያ አትላኩ፤ የተላከውን ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ።

በትልቁም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮንፊከር የተባለ ቫይረስ ተነሳ፤ በኋላ በፍላሽም ይዛመት ነበር። የያዛቸው ኮምፒውተሮች ከቫይረሱ ባለቤቶች ትእዛዝ ለመቀበል በየቀኑ 250 የድረ ገጽ አድራሻ ያሰላሉ። በገበያ የሚፎካከሩ ድርጅቶችና ተመራማሪዎች በ2009 ተሰባስበው ስሌቱን ደረሱበትና አድራሻዎቹን ቀድመው መያዝ ጀመሩ። ቫይረሱ በቀን ወደ 50,000 ሲያሳድገው የየአገሩን የድረ ገጽ አድራሻ (ዶሜይን) አስተዳዳሪዎች እያነጋገሩ አስገቡ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ማጽዳት አልቻሉም፣ ያን በር ግን በአብዛኛው ዘጉበት። አንድ ድርጅት ብቻውን አይሞክረውም ነበር!

አደራ፣ ጸሐፊውንም እናትሽንም ሰው ፊት አትውቀሷቸው። ካፈሩ ሌላ ጊዜ ሲደርስባቸው ይደብቁታል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ወዲያው እንዲናገሩ ነው። ዛሬውኑ ደውይላቸው።