መነኩሴው «ጻፈ» ወይስ «ጻፉ»?

ጥያቄ፦ ስለ ማቲው ፓሪስ፣ በመካከለኛው ዘመን ስለኖረው እንግሊዛዊ መነኩሴና ታሪክ ጸሐፊ፣ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «አባ ማቲው በ1217 እ.ኤ.አ. ሴንት አልባንስ ገዳም ገባ፤ እስከ 1259 ድረስም ታሪክ ጽፈዋል» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። ሰውየውን አንተ ልበለው ወይስ አንቱ?

መልስ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው። «ገባ» ብለው አንተ ያሉትን ሰው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ «ጽፈዋል» ብለው አንቱ አሉት። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይያዙት።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጥልን ማዕረጉ ነው። «አባ» ካሉ ግሱም አንቱታ ይፈልጋል፤ «አባ ማቲው ገባ» ጆሮ ይጎረብጣል። ስሙን ብቻ ከጠሩት ግን «ገባ» ማለት ንቀት አይደለም። «አፄ ቴዎድሮስ ነገሡ» እንላለን፤ «ቴዎድሮስ ነገሠ» ያለውንም ማንም አይቆጣውም። ቅዱሳን ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት «ጸለዩ»፣ ቅዱስ ያሬድ ግን «ዘመረ» ነው።

እኔ ብሆን «አባ»ን ትቼ «ጻፈ» እል ነበር። በአማርኛ የአንቱታና የብዙ ቁጥር ግስ አንድ ነው፤ ገዳም ውስጥ ደግሞ መነኩሴው ብዙ ነው። ዜና መዋዕሉንም የጀመረው ማቲው አይደለም። የዚያው ገዳም መነኩሴ ሮጀር ኦቭ ዌንዶቨር ሲጽፍ ቆይቶ በ1236 ሞተ፤ ማቲው የሱን ተቀብሎ፣ እያረመና እየጨመረ ቀጠለ። «በገዳሙ ዜና መዋዕል ጻፉ» ቢሉ አንድ ሰው ይሁን ሁለት፣ ወይስ ማኅበሩ በሙሉ፣ አንባቢ በምን ያውቃል?

ንጉሡ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በ1247 ሄንሪ 3ኛ በዌስትሚንስተር በዓል ላይ ማቲውን አየውና ዙፋኑ አጠገብ አስቀምጦ ያየውን ሁሉ እንዲጽፍ አዘዘው። ሁለቱንም አንቱ ብለው ይሞክሩት፦ «አዩዋቸውና አጠገባቸው አስቀምጠው ያዩትን እንዲጽፉ አዘዟቸው»። ማን ማንን? ንጉሡን ብቻ አንቱ ካሉ ግን «አዘዙት» ሁለቱን ይለያቸዋል። (ማቲው ራሱ ለንጉሡ ያን ያህል አልተጨነቀም። ንጉሡንም የሮማውን ጳጳስም በብዕሩ ሲሸነቁጥ ነው የኖረው።)

«አባ»ን መተው ካልሆነልዎ «ገቡ» ብለው ይጀምሩ። 1259 ላይ ሲደርሱም «ሞቱ» ሳይሆን «አረፉ» ይበሉ።