አፈሩ ረስርሶ ተክሉ ሲጠማ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሳሎን ያለው ፊከሴ ጠውልጎ ቅጠሉን እያረገፈ ነው። በየቀኑ ጠዋት ስለማጠጣው አፈሩ እርጥብ ነው። ምግብ አንሶት ይሆናል ብዬ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በተንኩለት፤ ከዚያ ወዲህ የቅጠሉ ዳር እንደተቃጠለ ሆነ። የተተከለው ቀዳዳ በሌለው ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ነው፤ ውኃው እንዲንቆረቆር ብዬ ከታች ጠጠር አድርጌበታለሁ። ምን ይሻለኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ማጠጣቱን ዛሬውኑ ያቁሙ። ፊከስዎ የጠወለገው ውኃ አንሶት ሳይሆን ሥሩ ታፍኖ ነው።

ተክል በብዛት የሚጠጣው በወፍራሙ ሥር አይደለም፤ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ጫፍ አካባቢ በሚበቅሉ፣ እንደ ሸረሪት ድር በሳሱ የሥር ፀጉሮች ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚስበው ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተንኖ የሚወጣው ውኃ ከኋላው ያለውን እየጎተተ ከሥር ድረስ ያመጣዋል፤ ከሚጠጣው ውስጥ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው በዚሁ መንገድ ወደ አየር ይሄዳል። ለተክሉ ምግብ የሚሆኑትን ናይትሮጅንን፣ ፎስፈረስንና ፖታሲየምን ለማስገባት ግን መሳቡ ብቻ አይበቃም፤ የሥሩ ሴሎች ጉልበት ማውጣት አለባቸው። ጉልበቱን የሚያገኙት ስኳር በኦክስጅን አቃጥለው ነው። ኦክስጅን ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚዘዋወረው አየር ውስጥ ካለው ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ የአፈሩ ክፍተት ሁሉ በውኃ ሲሞላ ሥሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ውኃ ማስገባቱን ይቀንሳል፣ ውሎ ሲያድርም ይበሰብሳል። ቅጠሉ መሳቡን አላቆመም፤ ከታች የሚመጣለት ግን የለም።

ዩሪያው የደከመውን ሥር ይባስ ጎዳው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ10 ግራም ይበልጣል፤ ከዚህ ውስጥ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ቲማቲም ሰላጣ ላይ ጨው ሲነሰነስ ቲማቲሙ ውኃ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ከሥሩ ውጪ ያለው ፈሳሽ ዩሪያ ሟሙቶበት ሲከብድ ሥሩ የያዘውን ውኃ ይለቃል። የቅጠሉን ዳር ያቃጠለው ይህ ነው።

አሁን ተክሉን ከባልዲው አውጥተው ሥሩን በለብታ ውኃ ይጠቡት፤ ዩሪያውም አብሮ ይታጠባል። ከዚያ ሥሩን በጣትዎ ይፈትሹ። ቀለሙን ብቻ አይመኑ፤ የፊከስ ጤነኛ ሥር ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ጤነኛው ሲጫኑት ጠንካራ ነው። የበሰበሰውን በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ቢያደርጉት ልጡ እንደ ሰገባ ወልቆ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል፤ ይሸታልም። እንዲህ ያለውን ሁሉ በአልኮል በተጠረገ መቀስ ይቁረጡ። የሥሩ ግማሽ ከሄደ የቅጠሉንም ሲሶ ይቀንሱለት፤ የቀረው ሥር ሁሉንም ማጠጣት አይችልም።

አዲሱ መትከያ ከቀረው ሥር በየጎኑ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይስፋ፤ ከታቹም 4 ወይም 5 ቀዳዳ ይኑረው። ትልቅ ዕቃ ውስጥ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃውን ይዞ ይቆያል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ይቀላቅሉ። ጥቁር መረሬ አፈር ይቅርብዎ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል።

ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ እንጂ ከታች አይነጠፍ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክረው አግድም ይያዙት፤ መንጠባጠቡን ሲያቆም በቁመቱ ያዙሩት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ውኃ የያዘው ነገር ቁመቱ ሲጨምር ብዙ ይወርዳል፣ ሲያንስ ብዙ ይቀራል። ከታች የተነጠፈ ጠጠር የአፈሩን ቁመት ስለሚያሳጥር እርጥበቱን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል።

ከተከሉ በኋላ ከታች እስኪወርድ ያጠጡ፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ከ30 ደቂቃ በኋላ ይድፉ። ቀጣዩን የሚያጠጡት ጣትዎን 3 ሴንቲ ሜትር ሲያስገቡ ደረቅ ሲሆን ነው፤ በቀን ቆጠራ አይሂዱ። ለሁለት ሳምንት ቀጥታ ፀሐይ አያግኘው። ማዳበሪያ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ይቆይ። ያን ጊዜም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ፣ በወር አንዴ፣ ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ስፓይደር ፕላንቴ ጤናማ ይመስላል፤ የቅጠሎቹ ጫፍ ግን ሁሌ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። የማጠጣው የጉድጓድ ውኃ ነው። (ከዝዋይ አካባቢ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የምንጠረጥረው ውኃውን ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የሚገኘው ፍሎራይድ ለመጠጥ ከተወሰነው፣ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ከሚሆነው መጠን ያልፋል። በአካባቢው የብዙ ሰው ጥርስ የሚበልዘውም በዚሁ ነው። ፍሎራይዱ ከውኃው ጋር ተስቦ ይወጣና ውኃው ሲተን ቅጠሉ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ስፓይደር ፕላንትና ድራሲና ለዚህ ስስ ናቸው።

ውኃውን ማሳደር አይረዳም፤ ማፍላት እንዲያውም ያከብደዋል። መፍትሔው የዝናብ ውኃ ነው። በክረምት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን ካጠቡ በኋላ የሚወርደውን ያጠራቅሙ። በሳምንት ግማሽ ሊትር ለሚበቃው ተክል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ሳምንት ያደርሳል። ትንኝ እንዳይፈላበት ይክደኑት። የደረቀው ጫፍ አይመለስም፤ ከፈለጉ ቀጭን የደረቀ ዳር አስቀርተው ይከርክሙት። አረንጓዴውን ከነኩት እንደገና ይደርቃል።

ጥያቄ፦ ለቡና ብዬ የተከልኩት ጤና አዳም በጋውን በረንዳ ላይ አምሮበት ነበር። ብርዱ ሲመጣ ቤት ካስገባሁት ወዲህ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ በታኅሣሥ እናንተ ዘንድ የቀን ብርሃን 9 ሰዓት አይሞላም። ብርሃን ሲያንስ ቅጠሉ ትንሽ ያተናል፣ ሥሩም ትንሽ ይጠጣል፤ በበጋው ልክ ካጠጡት ይታፈናል። ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት ያስቀምጡት፤ ካልበቃው የተክል መብራት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በቀን ለ12 ሰዓት ያህል ያብሩለት። መትከያውን አንስተው ሲቀል ብቻ ያጠጡ፤ ክረምቱን በሙሉ ማዳበሪያ አይስጡት። በጋ ላይ ፀሐይ ውስጥ ሆነው ሲቆርጡት ጓንት ያድርጉ፤ ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ የመታው ቆዳ ውኃ ይቋጥራል።