አንበሳ ያገሣል፣ የጠገበ ሰውም ያገሣል

ጥያቄ፦ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። «አንበሳው አገሳ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ማግሳት ለእነሱ በልቶ የጠገበ ሰው ነገር ነው። «ጮኸ» ብል ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ኧረ እንዳያደርጉት! በሬ ማጓራቱን፣ ፈረስ ማሽካካቱን፣ ውሻ ሌሊት ማላዘኑን ትቶ ሁሉም ከጮኸ ለልጆቹ ጆሮ ምን ተረፈው? አህያስ «ያናፋል» የተባለው በከንቱ መሰልዎት? ትንፋሹን ሲያወጣም ሲስብም ስለሚጮኽ ቁርጥ የአንጥረኛ ወናፍ ነው።

ወደ አንበሳው ልመለስ። ሁለቱ «አገሣ»ዎች በአጋጣሚ የተመሳሰሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው የሚሉ አሉ። ግእዝ ለአንበሳ «ጥሕረ»፣ ለሰው «ጐሥዐ» ይላል፤ መከራከሪያቸው ይኸው ነው። እኔ ግን አንድ ግስ ናቸው ባይ ነኝ። አማርኛ ጥሕረን ጥሎ ጐሥዐን ይዟል። ዐይኑ ዐ ሲወድቅ ሰምዐ «ሰማ»፣ በልዐ «በላ» እንደሆነ ሁሉ፣ ጐሥዐም ጐ ወደ ገ ላልቶ፣ ከፊቱ አ ተጨምሮበት «አገሣ» ሆነ። ግእዙም ቢሆን በሆድ ብቻ አልተወሰነም። መዝሙር 44 «ጐሥዐ ልብየ ቃለ ሠናየ» ሲል ያገሣው ልብ ነው፤ የወጣውም መልካም ቃል። ውስጥ ሞልቶ በጉሮሮ የሚገነፍል ነገር ነው፤ ታዲያ አንበሳው ምን ጎደለው?

ልጆቹን የሚለይላቸው አገባቡ ነው። ሰው «ሽንኩርት ያገሣኛል» ይላል፤ እንደ «ያመኛል» ባለቤቱ ተሳቢ ይሆናል። አንበሳ ግን ራሱ ያገሣል። «አንበሳውን ያገሣዋል» ብለው ቢጽፉ ሆዱን ነፍቶታል ማለት ነው፤ ያኔ ይሳቁ።

ፊደሉንም ያርሙልኝ፦ ሥሩ ጐሥዐ ነውና በንጉሡ ሠ ይጻፋል። በ1ኛ ጴጥሮስ 5፥8 ላይ «እንደሚያገሣ አንበሳ» የሚለውን ይመልከቱ። ዛሬ አብዛኛው ሰው በእሳቱ ሰ እንደሚጽፈው አላጣሁትም፤ ተማሪ በዚህ ነጥብ ይቀነስበት አልልም።

አንድ የማልወደው ግን አለ፦ «ሞተሩ አገሣ»። መድፍ ሲያገሣ ኖሯል፤ ለመድፍ ፈቅጄ ለመኪና የምከለክልበት የሰዋስው ምክንያት የለኝም። ለጆሮዬ ግን የመኪና ሞተር ወይ ይጮኻል ወይ ያጓራል። ሰዉ «አገሣ» ማለቱን አልተወም፤ እንግዲህ ይበል።