ባል ሌሊት ሐይቅ፣ ሚስት ቀን ገበያ፤ ለምክር መቼ ይቀመጣሉ?

እህቴ፣ «ባለቤቴ ጣና ላይ መረብ ይጥላል፣ እኔ ዓሣውን እቸረችራለሁ፤ በገንዘብ ሆድና ጀርባ ሆነናል፣ ሽማግሌ ይሻላል ወይስ አማካሪ?» ላልሽው፤ «ማን» ከሚለው በፊት «መቼ» የሚለውን አስቀድሚ።

መረብ ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ ይነሣል። ከዚያ ማስረከቡ፣ መረብ ማጽዳቱና መጠገኑ አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ብትቀጥሩት ወይ ይቀራል ወይ ያንቀላፋል፤ ሽማግሌዎቹም «ግድ የለውም» ይላሉ። ተኝቶ ሲነሣ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ይሁን። በሁዳዴው 55 ቀን ገበያው ስለሚደራ ፋታ የለም (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ልተወው)። ጠቡ የሚብሰው ከፋሲካ በኋላ፣ ሥጋ ገብቶ ገቢው ሲወርድ ነውና ከጾሙ በፊት ጀምሩ።

ሽማግሌ ስትመርጡ ዓሣ ተረካቢውን አታስቀምጡ። መረብ በዱቤ ሰጥቶት ከሆነ ዕዳው እስኪከፈል ባልሽ ሐይቅ ላይ ቢያድር ደስ ይለዋል። ከአንቺ ወገን አንድ፣ ከእሱ አንድ፣ ሁለታችሁ የምታከብሩት አንድ ይበቃል፤ ሰው ከበዛ ገመናችሁ ሳይነጋ ወደቡ ላይ ይሰማል። የነፍስ አባት ምስጢር ይጠብቃል፣ ሂሳብ ግን በንስሐ ብቻ አይጠራም።

ስለዚህ ደብተር ይዛችሁ ቅረቡ። የ2 ሳምንት ይበቃል፦ ከዓሣው ስንት ኪሎ ቆሮሶ፣ ስንት ኪሎ አምባዛ፣ በስንት ተሸጠ፤ ከላዩ የረዳት ድርሻ፣ የመረብ ዕዳ፣ የሞተር ነዳጅ (የደንገል ታንኳ ከሆነ ይህ የለም) ተቀንሶ ቤት የገባው። የችርቻሮሽንም ጻፊ፤ የእሱ ብቻ ከተመረመረ ክስ ይመስለዋል። «ደበቀ» የተባለው ብር ብዙ ጊዜ ጉማሬ የቀደደው መረብ መተኪያ ሆኖ ይገኛል። ብሩ መጠጥ ቤት ከሄደ ግን የሽማግሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አማካሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፣ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ጠይቂ።

ዱላ ካለ አብረሽው አትቅረቢ። ፊቱ የተናገርሽው ማታ ቤት ይጠብቅሻል። ለብቻሽ ፖሊስ ጣቢያ ወይም የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂጂ።

«መረቡ የእኔ ነው» ካለሽም አትደንግጪ፤ በትዳር ውስጥ የተገዛ መረብና ጀልባ በአንዱ ስም ቢሆን እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ለመቀመጥ እምቢ ካለ ደብተሩን ብቻሽን ከዛሬው ሽያጭ ጀምሪው።