መልስ፦ ኬጂ ለመግባት ፊደል መቁጠር ግድ ነው?

ሰላም እህቴ። «ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ መስከረም ላይ ኬጂ ይገባል፣ ግን ሀ ሁ እንኳ አያውቅም» ላልሽው፣ ባክሽ አትጨነቂ። 33ቱን ፊደል ከነሰባት ቤቱ ማስቆጠር የመምህሯ ሥራ ነው፣ የምትከፍዪውም ለዚያው ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሲመዘግብ ቀለምና ቁጥር እየጠየቀ ልጁን ይፈትናል፣ ለኔ ትርፍ ነገር ነው።

አንቺ በክረምቱ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ፣ ሱሪውን አውልቆ መልሶ መልበስ፣ እጁን በሳሙና መታጠብ አለማምጂው። ቀበቶ ይቅርበት፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ ግዢለት። ምሳ ዕቃው ላይ ደግሞ አደራ! ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ልጁ መክፈት ያቅተውና ምግቡ እንዳለ ይመለሳል፣ አንቺ ደግሞ «ለምን አልበላህም» ብለሽ ትቆጪዋለሽ። ከአሁኑ ቤት ውስጥ ራሱ ከፍቶ፣ ራሱ በልቶ፣ ራሱ ይክደነው፣ ማጉረስ ብንወድም እዚያ የሚያጎርሰው የለም።

ስሙንም አስለምጂው። ቤት ውስጥ ማሙሽ ብቻ እያላችሁት ከሆነ መምህሯ ከመዝገብ ስትጠራው ዝም ነው የሚለው። ስልክ ቁጥርሽን በዜማ ካልሽለት ቶሎ ይይዘዋል።

የመጀመሪያ ቀን ሲያለቅስ ተደብቀሽ እንዳትጠፊ፣ ማን መጥቶ እንደሚወስደው ነግረሽው፣ ቻው ብለሽው ሂጂ።